የቆላው የውድድር ዘመን፦ በመተማና አካባቢው ለኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን የሚስማማ የጨዋታ ወራት አቀማመጥ

አጽሕሮተ ጥናት

የአንድ የእግር ኳስ ቡድን የውድድር ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በነጥብ ሰንጠረዥ ነው። ይህ ጽሑፍ ከሰንጠረዡ አስቀድሞ የሚመጣውን ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም የጨዋታው ወራት ከየት ተነሥተው የት ሊያበቁ ይገባል የሚለው ነው። በመተማና በአጠቃላይ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚጫወት የኮሌጅ ቡድን ከትምህርት ዘመኑ በተጨማሪ ለዝናም፣ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ለወባና ለካላዛር፣ ለሙቀት፣ ለአጽዋማት እንዲሁም ለመንገድ ደኅንነት ይገዛል። እነዚህ ተደራርበው ሲታዩ ለጨዋታ ምቹ የሆነው ጊዜ በዋናነት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው። ጽሑፉ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን የሆነበትን የ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ አወዳደር እንደ ማነጻጸሪያ በመውሰድ፣ ለቆላው ከደርሶ መልስ ይልቅ በአንድ ቦታ ተሰባስቦ በአጭር ጊዜ የሚጠናቀቅ ውድድር የተሻለ መሆኑን ያስረዳል።

ቁልፍ ቃላት፦ የውድድር ዘመን፣ መተማ፣ ቆላ፣ የኮሌጅ እግር ኳስ፣ ሙቀት፣ ሰሊጥ፣ ፋሲል ከነማ

1. መግቢያ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ነጋዴ ባሕርን፣ ገንዳ ውሃንና ኮኪትን አልፎ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳን ድንበር ይደርሳል። ተጓዡ በዚህ ርቀት ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከሚበልጥ ደጋ ተነሥቶ 1,000 ሜትር ወደማይሞላ ቆላ ይወርዳል። አዝመራው፣ የቤቱ አሠራር፣ የሥራው ሰዓትና የበሽታው ዐይነት አብረው ይለወጣሉ። የማይለወጠው የውድድር መርሐ ግብር ነው። በጥቅምት ገደማ ተጀምሮ በሰኔ የሚጠናቀቀው የእግር ኳስ ዘመን፣ ለደጋውም ለቆላውም አንድ ዐይነት ልብስ ሆኖ ተሰፍቷል።

ጉዳዩ ቀላል የመዝናኛ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁንና የኮሌጅ ተጫዋች ከክለብ ተጫዋች የሚለየው በእጁ ያለው ጊዜ በቍጥር በመሆኑ ነው። የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ሥልጠና የሚከታተል ወጣት ለተቋሙ የሚጫወተው ሁለት ወይም ሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ በጭቃ፣ በፎርፌ ወይም በሕመም ምክንያት ከተበላሸ የሚተካ ሌላ ዘመን የለውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀትር ላይ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደረግ ጨዋታ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጨዋታውን ወር መምረጥ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ሳይሆን የተማሪውን ጤናና ዕድል የሚወስን ኃላፊነት ነው።

2. የጥናቱ ዘዴና ወሰን

ጽሑፉ የአንድን ኮሌጅ ውጤት አይዘግብም። የሚከተለው ዘዴ የአካባቢውን ወቅቶች በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር እየደረደሩ፣ የትኞቹ ሳምንታት ለጨዋታ ነጻ ሆነው እንደሚቀሩ ማስላት ነው። ስሌቱን በሜዳ ላይ ከታየ ልምድ ጋር ለማገናኘት በክልሉ በይፋ የሚታወቀው የፋሲል ከነማ ጉዞ ተወስዷል። ፋሲል ከነማ የኮሌጅ ቡድን አይደለም፤ ሆኖም ከመተማ ቆላ በቅርብ ርቀት የሚገኝ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በመሆኑና በሁለት የተለያዩ የአወዳደር ሥርዓቶች ውስጥ ዋንጫ ለማንሣት የታገለ በመሆኑ ለንጽጽር ይመቻል። በክፍል 5 የቀረበው የስድስት ቡድኖች ውድድር ለማስረዳት የተዘጋጀ ምሳሌ እንጂ በሥራ ላይ ያለ ሊግ አይደለም።

3. ሁለት የውድድር ዘመኖች፦ የፋሲል ከነማ ልምድ

በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተው ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ መወዳደር የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ለዋንጫው ቢፎካከርም በአንድ ነጥብ ልዩነት በመቐለ 70 እንደርታ ተቀደመ። ያ ዘመን በደርሶ መልስ ሥርዓት የተካሄደ ነበር፤ እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ተጋጣሚ ጋር አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ ከሜዳው ውጪ ይጫወታል። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከወራት ፉክክር በኋላ ዋንጫን የሚለየው አንድ ነጥብ ከሆነ፣ ያልተካሄደ ወይም በተጫዋች እጥረት በፎርፌ የተሰጠ አንድ ጨዋታ የዘመኑን ሁሉ ልፋት ሊወስን ይችላል።

የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። ቀጣዩ የ2013 ዓ.ም. ዘመን በሌላ መልክ መጣ። ቡድኖቹ ከከተማ ወደ ከተማ በየሳምንቱ መመላለሳቸው ቀርቶ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ ለተወሰኑ ሳምንታት እየተሰባሰቡ በርካታ ጨዋታዎችን እንዲያካሂዱ ተደረገ። ውድድሩ ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከ ግንቦት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተዘዋወረ። በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ፋሲል ከነማ በዚህ ዘመን በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሣ።

የተሰባሰበው ውድድር ዋጋ አስከፍሏል። የጎንደር ደጋፊ ቡድኑን በአጼ ፋሲለደስ ስታዲየም ተቀምጦ ሻምፒዮን ሲሆን የማየት ዕድል አላገኘም፤ ዘመኑን የተከታተለው በዚያው ዓመት በተጀመረው የዲኤስቲቪ የቀጥታ ሥርጭት ነበር። በአንጻሩ የጉዞ ብዛት ቀንሷል፤ የጨዋታ ቀናት አስቀድመው ታውቀዋል፤ በወረርሽኝ ጊዜም አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተጠናቋል። ለመተማ ቆላ የሚጠቅመው ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው፤ የውድድር ዘመን ቅርጽ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን እንደ ሁኔታው ሊቀየር የሚችል የሰው ውሳኔ ነው።

4. የቆላው ወራት

4.1 ዝናምና አፈር

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ዋናው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። የአካባቢው ሰፊ ክፍል ዋልካ በሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር የተሸፈነ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ይለጥፋልም። ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ስለዚህ በክረምት ኳስ የማይንከባለልበት፣ ጫማ የሚይዝ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ስንጥቁ ቍርጭምጭሚትን ለመወለም አደጋ ያጋልጣል። ሣር ባልተተከለበት የኮሌጅ ሜዳ ስንጥቆቹን ከውድድሩ በፊት በአፈር መሙላትና መደምደም፣ መረብ ከመግዛት የሚቀድም ሥራ ነው። ክረምቱ እንደ ወጣ ሜዳው ወዲያው ዝግጁ አይሆንም፤ እስኪጠነክርም ጊዜ ይፈልጋል።

4.2 ሰሊጥ

ዝናሙ ሲያበቃ ሜዳው መድረቅ ቢጀምርም ተጫዋቹ ሜዳ ላይ አይገኝም። መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ አዝመራ የታወቁ ናቸው። ሰሊጥ ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይታጨዳል። የሰሊጥ ጠባይ ከሌላው እህል ይለያል፤ ሲደርስ ቋቱ ተከፍቶ ፍሬውን ያረግፋል፤ በመሆኑም አጨዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተጠናቀቀ ምርቱ መሬት ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ከደጋው ሳይቀር እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ የቀን ሒሳብም ይንራል። የገበሬ ልጅ የሆነ ተማሪ የቤተሰቡን ማሳ ትቶ ለልምምድ ሊመጣ አይችልም፤ ቤተሰቡ ማሳ የሌለው ተማሪም ቢሆን የዓመቱን የደብተርና የልብስ ወጪ የሚሸፍንለትን የሥራ ጊዜ ማለፍ ይከብደዋል። ውድድርን በጥቅምት መጀመር ማለት ተማሪውን በኳስና በእንጀራው መካከል እንዲመርጥ ማስገደድ ነው። ይህን ያልተረዳ አሰልጣኝ የቀረውን ተጫዋች «ዲሲፕሊን የለውም» ብሎ ይቀጣል፤ ጥፋቱ ግን የመርሐ ግብሩ ነው።

4.3 ወባና ካላዛር

የአጨዳው ወራት የወባም ወራት ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ የሚቀረው የረጋ ውኃ ለትንኝ መራቢያ ስለሚሆን፣ የወባ ሥርጭት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ከፍ ይላል። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲመሠረት እንደ ወባ ያሉ ወረርሽኞችን የሚከላከል ባለሙያ ማፍራት ከተልእኮዎቹ አንዱ እንደ ነበር ማስታወስ ለዚህ ተገቢ ነው። በወባ የታመመ ተጫዋች ትኵሳቱ ቢለቀውም የደም ማነስና ድካም ሊከተለው ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ጨርሶ ቀስ በቀስ ወደ ልምምድ መመለስ ይኖርበታል።

ሁለተኛው በሽታ ካላዛር ነው። የመተማና የሑመራ ቆላ በኢትዮጵያ የካላዛር ሥርጭት ከሚበረታባቸው አካባቢዎች ይመደባል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በግራር ዛፎች አካባቢና በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ውስጥ ትጠለላለች፤ የምትናከሰውም በአብዛኛው ከምሽት ጀምሮ በሌሊት ነው። ረዘም ያለ ትኵሳት፣ የክብደት መቀነስና የጣፊያ ማበጥ ዋና ምልክቶቹ ናቸው፤ ካልታከመም ይገድላል። ከዚህ ለአሰልጣኝ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር አለ። በሁለት ወር ውስጥ እየከሳ፣ እየደከመና ከሩጫ ወደ ኋላ እየቀረ የሚሄድ ተጫዋች ሰነፍ ከመባሉ በፊት ሊመረመር ይገባዋል።

4.4 ሙቀት

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው፤ አጨዳ የለም፤ መንገዱም ይሄዳል። በካርታ ላይ ለሚያየው ሰው ምርጡ የጨዋታ ጊዜ ይመስላል። በእውነቱ ግን የዓመቱ እጅግ ሞቃታማ ወራት እነዚህ ናቸው፤ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ የሚያልፍበት ቀንም አለ።

በጨዋታ ላይ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ትልቁ ክፍል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወግደው በዋናነት በላብ ትነት ነው። በሞቃት አየር አንድ ተጫዋች በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል። የመተማ የበጋ አየር ደረቅ በመሆኑ ላቡ ወዲያው ይተናል፤ ተጫዋቹም ልብሱ ስላልረጠበ ብዙ ውኃ ማጣቱን አያስተውልም። ከሰውነት ክብደት ከ2 በመቶ በላይ ውኃ ማጣት ብቃትን እንደሚቀንስ ይታወቃል። ይህም 65 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ተጫዋች 1.3 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ሚዛን ነው፤ ከልምምድ በፊትና በኋላ በመመዘን የጠፋውን መጠን ማወቅ ይቻላል።

ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ አስተዳደር ለዚህ ሕግ አውጥቷል። የጨዋታ ሕግ ቍጥር 7 ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ የመጠጥ ዕረፍትንና ከ90 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚደርስ የማቀዝቀዣ ዕረፍትን ይፈቅዳል። ፊፋ ለማቀዝቀዣው ዕረፍት መነሻ ያደረገው እርጥበትን፣ የፀሐይን ግለትና ነፋስን አጣምሮ በሚያሰላው መለኪያ 32 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ይህ ቍጥር በተለመደው ቴርሞሜትር ከሚነበበው ጋር አንድ አይደለም፤ ደረቅ አየር ባለበት ቦታ የቴርሞሜትሩ ንባብ ከዚህ በእጅጉ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በሰኔ 22 ቀን 2006 ዓ.ም. በብራዚሏ ፎርታሌዛ ኔዘርላንድስ ከሜክሲኮ ባደረጉት የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ላይ ይህ ዕረፍት ተግባራዊ ሆኗል። የ2022 እ.ኤ.አ. የኳታር ዓለም ዋንጫም በሙቀት ምክንያት ከተለመደው የሰኔና የሐምሌ ወር ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ተዛውሯል። እጅግ ግዙፍ የሆነው ውድድር ለሙቀት ብሎ ወሩን ከቀየረ፣ የኮሌጆች ውድድር የማይቀይርበት ምክንያት የለም።

ሙቀትን ሽሽት ጨዋታን ወደ ማታ መግፋት ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ምሽት የትንኝና የአሸዋ ዝንብ ሰዓት ነው። መብራት በሌለበት ሜዳም ጨለማ ቶሎ ይደርሳል። ስለሆነም ለቆላው የሚመረጠው የልምምድ ሰዓት ማለዳ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ያለው ነው።

4.5 አጽዋማት

በመተማ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቡድን ይሰለፋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይፈጃል፤ ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገደማ ጀመሩ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 9 የገባ ሲሆን ረመዳንም በዚያው ሰሞን ሆነ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲውሉ ዕቅድ ለማውጣት ይቀላል፤ ቡድኑ አብሮ ይጾማል፤ አብሮም ያርፋል። ከዚያ በኋላ ግን ይለያያሉ። በ2019 ዓ.ም. ረመዳን በየካቲት መጀመሪያ፣ ዐቢይ ጾም በየካቲት 29 ይገባሉ፤ በ2022 ዓ.ም. ረመዳን በታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ አብዛኛውን ጥር ይይዛል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ያለው የነቢያት ጾምም ሊዘነጋ አይገባም። በየዓመቱ የማይለዋወጥ መርሐ ግብር አንድ ቀን የግማሹን ቡድን ጾም በቀትር ጨዋታ ላይ መጣሉ አይቀርም።

4.6 መንገድና ሰላም

የውድድር ዘመን ከሁሉ በፊት ሰላምን ይጠይቃል። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል እጅግ ብዙ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። የኦምዱርማን ታላላቅ ክለቦች አል ሂላልና አል መሪኽ አገራቸው ላይ መጫወት ስላልቻሉ በ2024/25 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን በሞሪታኒያ ሊግ በእንግድነት ተሳተፉ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. የተመሠረተውና የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው በዚያችው በካርቱም መሆኑን ለሚያስታውስ ይህ ከባድ ለውጥ ነው። በኢትዮጵያም መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ በጦርነቱ ምክንያት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከሊጉ ርቀው ቆይተዋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የቀጠለው የትጥቅ ግጭትም የመንገድ ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎታል። በየሳምንቱ በጉዞ ላይ የተመሠረተ ውድድር መንገዱ በተዘጋ ቍጥር ይቋረጣል፤ ተማሪዎችንም አላስፈላጊ ለሆነ አደጋ ያጋልጣል።

5. ቀመሩ

ከላይ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ተደራርበው ሲታዩ የሚከተለው ይገኛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናምና ጭቃ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጨዳና ወባ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀት ነው። የሚቀሩት ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ናቸው፤ 90 ቀን ወይም ወደ 13 ሳምንት ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ለአንደኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና 2 ሳምንት፣ ለገናና ለጥምቀት በዓላት 1 ሳምንት ቢቀነስ 10 ሳምንት ይተርፋል።

ስድስት ቡድኖች በደርሶ መልስ ይወዳደሩ ቢባል እያንዳንዱ ቡድን 10 ጨዋታ ይኖረዋል። በሳምንት አንድ ጨዋታ ከተደረገ 10ሩም ሳምንት ያልቃል። ለተላለፈ ጨዋታ፣ ለተዘጋ መንገድ ወይም ለጾም የሚተርፍ አንድም ሳምንት የለም። በአካባቢው አባባል ሰኔና ሰኞ የገጠሙ ዕለት ዘመኑ ተበላሸ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቡድን አምስት ጊዜ ከሜዳው ውጪ ይጓዛል፤ ርቀቱ እንደ ጎንደርና መተማ 200 ኪሎ ሜትር ቢሆን ድምሩ በደርሶ መልስ 2,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

እነዚሁ ስድስት ቡድኖች በአንድ ከተማ ተሰባስበው የመጀመሪያውን ዙር ቢጫወቱ 5 ጨዋታ ይበቃቸዋል። በሁለት ጨዋታዎች መካከል ሦስት ሙሉ የዕረፍት ቀናት ቢሰጡ፣ ጨዋታዎቹ በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛው፣ በ13ኛውና በ17ኛው ቀን ይውላሉ። ሁለተኛው ዙር በሌላ ከተማ በተመሳሳይ መንገድ ቢካሄድ ሁለቱ ዙሮች በድምሩ 34 ቀን ይፈጃሉ፤ ይህም 5 ሳምንት አይሞላም። ጉዞውም ቢበዛ ሁለት ደርሶ መልስ፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከ10ሩ ሳምንት ግማሹ ይተርፋል፤ ዙሮቹም እንደየዓመቱ ጾም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። ለምሳሌ በ2019 ዓ.ም. ሁለቱንም ዙር በታኅሣሥና በጥር ማጠናቀቅ፣ በ2022 ዓ.ም. ግን አንዱን ረመዳን ከመግባቱ በፊት በታኅሣሥ፣ ሌላውን ረመዳን ከወጣ በኋላ በየካቲት ማድረግ ይቻላል።

ይህ አካሄድ ነጻ አይደለም። አስተናጋጁ ተቋም ማደሪያና ምግብ ማዘጋጀት ይኖርበታል፤ ተማሪዎች ከክፍል ለሁለት ሳምንት ተኩል ስለሚርቁ መምህራን የማካካሻ ትምህርት መያዝ አለባቸው። ደጋፊም በሜዳው የሚያየው ጨዋታ ይቀንሳል። እነዚህ ወጪዎች ግን አስቀድመው የሚታወቁና ሊታቀዱ የሚችሉ ናቸው፤ የተዘጋ መንገድ፣ የታመመ ተጫዋችና በፎርፌ የጠፋ ነጥብ ግን አስቀድመው አይታወቁም።

6. ለዝግጅት የሚሆኑ ነጥቦች

የጨዋታው ወራት በታኅሣሥ ከጀመሩ ዝግጅቱ በኅዳር አጋማሽ፣ አጨዳው ሲገባደድ ይጀመራል። በተለይ ከደጋ የመጡ ተማሪዎች ሰውነታቸው ሙቀትን እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስፈልጋቸዋል። በእነዚህ ቀናት የደም ፈሳሽ መጠን ይጨምራል፤ ላብ ቶሎ ይጀምራል፤ በላብ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልምምድ አጭርና ቀላል ሆኖ ቀስ በቀስ ሊረዝም ይገባል። ከደጋ የሚመጣ እንግዳ ቡድንም ይህን ጊዜ ስለማያገኝ፣ በውድድሩ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መድረሱ ሙሉ መፍትሔ ባይሆንም ይረዳዋል።

በጨዋታ ቀን ተጫዋቹ ከሚያደርገው ይልቅ አሰልጣኙ የሚያስተውለው ይበልጣል። የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚምታታ ወይም ያለ ምክንያት የሚቆጣ ተጫዋች የሙቀት ምት ሊኖርበት ስለሚችል ወዲያው መውጣት አለበት። እንዲህ ባለ ጊዜ ደንቡ ማቀዝቀዝ ይቀድማል፣ ማጓጓዝ ይከተላል የሚለው ነው፤ ጥላ ሥር አስተኝቶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በብዛት እያፈሰሱና እያራገቡ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ስለዚህ በሜዳ ዳር ሁለት በርሜል ውኃና አንድ ዳስ ማዘጋጀት የጨዋታው ቅድመ ሁኔታ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

7. ማጠቃለያ

በመተማና በአካባቢው ለኮሌጅ ቡድን የሚስማማው የውድድር ዘመን አጭር ነው፤ ይሁን እንጂ አጭር መሆኑ ጕድለት አይደለም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ሳምንታት ውስጥ፣ በሁለት ከተሞች ተሰባስቦ፣ በበቂ ዕረፍት የሚካሄድ ውድድር ተማሪውን ከማሳው፣ ከጤናው፣ ከእምነቱና ከትምህርቱ ጋር አያጣላውም። የፋሲል ከነማ የ2011 ዓ.ም. ዘመን አንድ ነጥብ ምን ያህል እንደሚከብድ አሳይቷል፤ የ2013ቱ ዘመን ደግሞ የአወዳደር ቅርጽ ተለውጦም እውነተኛ ሻምፒዮን ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል። የቆላው ኮሌጆች የሚጠበቅባቸው መርሐ ግብሩን ከደጋ ከመዋስ ይልቅ የራሳቸውን ዝናም፣ አዝመራና ጾም በአንድ ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ኳሱን ነጻ በቀሩት ሳምንታት ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለት ዘመን ብቻ ተጫውቶ የሚመረቅ ወጣት፣ ሁለቱንም ሙሉ አድርጎ ሊጫወታቸው ይገባል።